በአንድ ድምፅ የወደቀ መሪ፣ አብሮት የወደቀ ሕግ

(ምስል፦ የካንቤራ ፓርላማ፣ ዝግ በር፣ በሩ ላይ የተኮለኮሉ ጋዜጠኞች)

ዲሴምበር 1 ቀን 2009። ቦታው የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ ነው። የተቃዋሚው የሊበራል ፓርቲ የፓርላማ አባላት በር ዘግተው መሪ እየመረጡ ነው። ውጤቱ 42 ለ 41 ሆነ። አንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ሳይቆጠር ቀረ። መሪው ማልኮም ተርንቡል በአንዲት ድምፅ ተሸነፉ፤ ቶኒ አበት መሪ ሆኑ። እዚያው ስብሰባ ላይ ሌላ ድምፅ ተሰጠ፦ 54 ለ 29። ፓርቲው የአየር ንብረት ሕጉን እንዳይደግፍ ተወሰነ።

ዛሬ የማወራችሁ በሩ ስለተዘጋው ስለዚያ ክፍል ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ሕጉ የማን ነበር? የጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ የሌበር መንግሥት ነው ያመጣው። አሠራሩ አይከብድም። እስከዚያ ድረስ ትልልቅ ፋብሪካዎችና የኃይል ማመንጫዎች ጭሳቸውን በነፃ ይለቁ ነበር። በሕጉ መሠረት ግን ለሚለቁት ካርበን ፈቃድ መያዝ አለባቸው። የፈቃዱ ብዛት ይወሰናል፤ ፈቃድ የተረፈው ድርጅት ይሸጣል፣ ያነሰው ይገዛል። ግቡ በ2020 ልቀቱን ከ2000 ዓ.ም. መጠን ቢያንስ በ5 በመቶ መቀነስ ነበር። 5 በመቶ ብቻ! ያውም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በቪክቶሪያ ግዛት የተነሳው ሰደድ እሳት 173 ሰው ፈጅቷል።

በሌላ በኩል የድንጋይ ከሰል አለ። አብዛኛው የአገሪቱ መብራት ያኔ ከከሰል ነበር የሚመጣው። በከሰል የሚኖሩ ከተሞች አሉ። እዚያ ያለ የማዕድን ሠራተኛ «ነገ ምን ልበላ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው። በንቀት ሊታለፍ አይገባም።

(ምስል፦ የሴኔቱ አዳራሽ)

ራድ በሴኔቱ፣ ማለትም በፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት፣ በቂ ድምፅ አልነበራቸውም። ኦገስት ላይ ሕጉ አንድ ጊዜ ወድቋል። ስለዚህ የተቃዋሚው መሪ ተርንቡል ያስፈልጓቸው ነበር። ተርንቡል ደግሞ ለአየር ንብረት ከልቡ የማያስብ ፓርቲ አልመራም ብለው በይፋ ተናግረዋል። ሰውዬው የፓርቲያቸውን አባል ኢያን ማክፋርሌንን ልከው ከአየር ንብረት ሚኒስትሯ ከፔኒ ዎንግ ጋር አደራደሩ። ድርድሩ ተሳካ። እርሻ ከሕጉ ወጣ፤ ለከሰልና ለመብራት አምራቾች ተጨማሪ ካሳ ተፈቀደ።

ችግሩ የመጣው ስምምነቱ ለፓርቲው ሲቀርብ ነው። ኖቬምበር 24 ቀን አባላቱ ለሰዓታት ተጨቃጨቁ። ተርንቡል «ብዙኃኑ ከእኔ ጋር ነው» ብለው ወጡ። ተቃዋሚዎቻቸው «ቆጠራው እንዲያ አይደለም» አሉ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ፓርቲ መሪን የሚሾመውም የሚያወርደውም የፓርላማ አባላቱ ስብሰባ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ አይጠበቅም። «ስፒል» ይሉታል፤ መድፋት እንደማለት ነው። ወንበሩ ይደፋል፣ ከዚያ እንደገና ይመረጣል። ሁሉም በሚስጥር ድምፅ። ፊት ለፊት ሲያጨበጭብልህ የዋለ ሰው ምን እንደጻፈ አታውቅም።

በማግስቱ ወንበሩን ለመድፋት ተሞከረ፤ 48 ለ 35 ከሸፈ። በሦስተኛው ቀን አበትና ሌሎች ከፍተኛ አባላት ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ከአምስት ቀን በኋላ ያቺ አንዲት ድምፅ መጣች።

ዲሴምበር 2 ላይ ሴኔቱ ሕጉን 41 ለ 33 ጣለው። ሁለት የሊበራል ሴቶች፣ ሱ ቦይስና ጁዲት ትሮት፣ ከፓርቲያቸው ተለይተው ደገፉት። አምስቱ የአረንጓዴ ፓርቲ ሴናተሮች ግን «ግቡ ደካማ ነው፣ ለበካዮች የሚከፈለው በዝቷል» ብለው ተቃወሙ። ቁጥሩን ራሳችሁ ደምሩት። አምስቱ ቢደግፉ ኖሮ 38 ለ 36 ያልፍ ነበር። እኔን እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ግን ደካማ ሕግ ይሻሻላል፣ የሌለ ሕግ ምኑ ይሻሻላል?

የሌበር ቤትም ሰላም አላገኘም። ራድ በ2010 ዕቅዱን ለዓመታት ሲያራዝሙት ተቀባይነታቸው አሽቆለቆለ፤ ጁን ላይ ጁሊያ ጊላርድ ተኳቸው። እሳቸው በጁላይ 2012 ካርበንን በቶን 23 ዶላር አስከፈሉ። በ2013 ምርጫ አበት አሸነፉ፤ በጁላይ 2014 ክፍያው ተሰረዘ። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሠራው።

(ምስል፦ ተርንቡል፣ 2018)

ተርንቡል በ2015 አበትን ጥለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኦገስት 2018 ላይ በኃይል ፖሊሲያቸው የተነሳ የልቀት ግቡ ጉዳይ ፓርቲውን እንደገና ከፈለው። ተርንቡል ግቡን በሕግ የማጽናቱን ሐሳብ ተዉት፤ ማፈግፈጉ ግን አላዳናቸውም። ኦገስት 21 ቀን በፓርቲው ውስጥ በተፎካከሯቸው በፒተር ዳተን ላይ ያገኙት ውጤት ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 48 ለ 35። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረው ቁጥር፣ ቁልጭ ብሎ። ከሦስት ቀን በኋላ ወረዱ፤ ስኮት ሞሪሰን ተኳቸው።

አበትስ? ሲድኒ ውስጥ ዋሪንጋ የምትባል የምርጫ ክልላቸውን ከ1994 ጀምሮ ይዘዋት ነበር። በ2019 ዛሊ ስቴጎል የተባለች የቀድሞ የኦሎምፒክ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ በግሏ ቀረበች። ዋነኛ አጀንዳዋ የአየር ንብረት ነበር። ወንበሩን ወሰደችባቸው።