ከቦታው የታጣው ነገር፦ ለአዲስ የመድን ካሳ ክፍል ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ እንድናገር ሲጋብዙኝ «ከማሳደዱና ከመደበቁ ጀምርላቸው፣ እንዳያንቀላፉ» አሉኝ። እሺ ብያለሁ፤ ግን እውነቱን ከመነሻው ልንገራችሁና እንተማመን። የግል መርማሪ ሆኜ ካሳለፍኳቸው ዓመታት አብዛኞቹ ያለቁት ወንበር ላይ ነው። ግማሹን ጊዜ ወረቀት ሳገላብጥ፣ ግማሹን ደግሞ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ማንም የማይወጣበትን በር ሳይ ኖሬያለሁ። ጥቁር መነጽር የለኝም። ኮፍያዬንም የማደርገው ለፀሐይ ነው።

ከነገ ጀምሮ የካሳ ጥያቄዎች ጠረጴዛችሁ ላይ ይቆለላሉ። አብዛኞቹ እውነተኛ ናቸው፤ ታነባላችሁ፣ ታጣራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። አልፎ አልፎ ግን አንድ ፋይል ከዘጋችሁት በኋላም ሲከነክናችሁ ያድራል። እኔን የመሰለ ሰው የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። ምን እንደምሠራ በአጭሩ ንገረን ካላችሁኝ፣ ከቦታው የታጣውን ነገር እፈልጋለሁ። አጭበርባሪ የሚያሳያችሁን ነገር አሳምሮ ያዘጋጃል። ታሪኩ እውነት ቢሆን ኖሮ አብረው ሊገኙ ይገባቸው የነበሩትን ጥቃቅን ነገሮች ሁሉ ግን አስቦ አይጨርስም።

«ሳሌም» የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1979 መጨረሻ ከኩዌት ወደ 200 ሺህ ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ወደ አውሮፓ ተነሣች፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1980 ከሴኔጋል ጠረፍ ባሻገር ሰጠመች። በአካባቢው የነበረች የብሪታኒያ መርከብ ደርሳ ሠራተኞቹን ከሕይወት አድን ጀልባዎቻቸው ላይ አነሣቻቸው። ድንገት ፍንዳታ ደርሶብን ነፍሳችንን ይዘን ወጣን ነው የሚሉት። ሻንጣቸው ግን ተሸክፏል። ሳንድዊችም ተዘጋጅቷል። ካፒቴን መርከቡን ሲለቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው የጉዞ መዝገብ ግን የለም፤ ከመርከቢቱ ጋር ሰጠመ ተባለ። «ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል» ይባል የለ? እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም በአንድ ጀልባ ጭነው መጡ።

ዋናው የታጣ ነገር ግን ባሕሩ ላይ ነበር። ያን ያህል ነዳጅ የጫነች መርከብ ስትሰጥም ውኃው እስከ አድማስ መጥቆር ነበረበት፤ የታየው ዘይት ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ነዳጁ ቀድሞ ወርዶ ነበራ! መርከቢቱ በመንገዷ ደርባን ገብታ፣ በወቅቱ የነዳጅ ማዕቀብ ለነበረባት ደቡብ አፍሪካ አብዛኛውን ጭነቷን አራግፋለች። ባዶው ጋን በባሕር ውኃ ተሞላና እንደ ጫነች መስላ ጉዞዋን ቀጠለች። የጭነቱ ባለቤት ሼል ነዳጁን የገዛው መርከቢቱ ጉዞ ላይ ሳለች ነው፤ ራሱ ተታልሎ ነበር፤ ለመድን ሰጪዎች ያቀረበውም የ56 ሚሊዮን ዶላር ጥያቄ ነው። የነገሩን ክር ያስያዘው እንግዲህ ማንም ያላየው ዘይት ነበር።

መርከብ አስጥሞ ገንዘብ መብላት የዘመናችን ፈሊጥ አይምሰላችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በአቴንስ ፍርድ ቤት የተሰማ አንድ ጉዳይ አለ። ሄጌስትራቶስ የተባለ ባለ መርከብ በጭነቱ ስም ገንዘብ ተበድሯል፤ በጊዜው ልማድ መርከቡ ከሰጠመ ዕዳውም አብሮ ይቀራል። ሌሊት ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ ወለሉን ሲቦረቡር ተሳፋሪዎች ደረሱበት። ሮጦ ወደ ትንሿ ጀልባ ዘለለ፤ በጨለማ ጀልባዋን ሳታትና ራሱ ሰጠመ። መርከቡ ወደብ ገባ። ለጀማሪዎች ይህን ታሪክ መንገር ደስ ይለኛል፤ ምርመራ ሳያስፈልግ የተዘጋ ብቸኛው ፋይል እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ወረቀት ልመለስ፤ ወረቀት አሰልቺ ነው የሚል ሰው የ«ሉኮና»ን ጉዳይ ይስማ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1977 ይህች የጭነት መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ፈንድታ ከተሳፈሩት 12 ሰዎች 6ቱ ሞቱ። ኡዶ ፕሮክሽ የተባለ የቪየና ነጋዴ የዩራኒየም ማዕድን ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ጭኜባት ነበር በማለት 212 ሚሊዮን የኦስትሪያ ሺሊንግ ጠየቀ። መድን ሰጪው አልከፍልም አለ። ነገር ግን አልከፍልም ማለት ቀላል ነው፤ መርከቢቱ ያረፈችው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ዲትማር ጉገንቢሽለር የተባለ የግል መርማሪ ነገሩን ለዓመታት ተከታተለው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማችሁ ውቅያኖሱን እርሱትና ዕቃው ከመጫኑ በፊት የነበረውን ሕይወት ጠይቁ። ፋብሪካ ከሰማይ አይወርድም። የሠራው አለ፣ የሸጠው አለ፣ የከፈለ ባንክ አለ፣ ወደ ወደብ ያጓጓዘ ሾፌር አለ፣ በሚዛን ላይ ያለፈ ክብደት አለ። እውነተኛ ዕቃ በየደረሰበት ወረቀት እየጣለ ይሄዳል። በዚህ ፋብሪካ ስም የተጫነው ከቁርጥራጭ ብረትና ካረጀ የማዕድን ማውጫ መሣሪያ የማይሻል ነገር ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1991 ስብርባሪው ተፈልጎ ተገኘና መርከቢቱ በፈንጂ መስጠሟ ታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት ፕሮክሽ በስድስት ሰዎች ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በመካከሉ ሁለት ከፍተኛ የአገሪቱ ፖለቲከኞች ከሥልጣን ወርደዋል። የመድን ማጭበርበር ማንንም የማይጎዳ ብልጠት ነው የሚል ወዳጅ ካላችሁ፣ ስለ ስድስቱ ሰዎች ንገሩት።

በየቀኑ የሚገጥማችሁ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ተሰረቀብኝ የተባለ ካሜራ፣ ጎርፍ ወሰደው የተባለ ምንጣፍ። እዚህ ላይ ደረሰኝን እንደ ፊት አንብቡት። አንድ ጊዜ በስምንት ወር ልዩነት ተገዙ የተባሉ አራት ዕቃዎች ደረሰኝ ቀረበልኝ፤ ቁጥሮቻቸው ተከታታይ ነበሩ። በስምንት ወር አራት ደንበኛ ብቻ ያስተናገደ ሱቅ እንዴት ኪራይ ይከፍላል? ሌላ ጊዜ የካሜራውን መለያ ቁጥር ለአምራቹ ልኬ ስጠይቅ፣ ተገዛ በተባለበት ቀን ካሜራው ገና አልተሠራም ነበር። የዲጂታል ፎቶግራፍም የራሱ ምላስ አለው፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ አንዳንዴም ቦታው ከምስሉ ጋር ተቀምጦ ይገኛል። ይህ መረጃ ሊቀየር እንደሚችል ግን አትርሱ፤ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ሞተ የተባለ ሰው ሲፈለግም ያው ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ2002 በታንኳ ባሕር ገብቶ ጠፋ፤ ሞቷል ተብሎ የመድን ገንዘብ ተከፈለ። በ2007 ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ምንም አላስታውስም አለ። ጉዱን ያወጣችው መርማሪ አልነበረችም፤ አንዲት ተራ ሴት ኢንተርኔት ላይ የባልና ሚስቱን የመጀመሪያ ስምና «ፓናማ» የሚለውን ቃል ጽፋ ስትፈልግ፣ በ2006 ፓናማ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ ወጣላት። እኔን የመሰለ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ትንሽ ማፈሩ አይቀርም።

የመኪና ግጭትን በአጭሩ ልለፈው። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ከግጭቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ሰከንዶች መዝግበው ያስቀራሉ፤ ፍጥነቱን፣ ፍሬን መያዝ አለመያዙን፣ ቀበቶ መታሰሩን። አምስት ሰው ተጎዳ ተብሎ መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ሦስቱ ከግጭቱ በኋላ በወረቀት የተሳፈሩ ናቸው። እነዚህን ለየብቻ አስቀምጡና ከታሪኩ ዳር ያለውን ጠይቁ። ከጎንህ ማን ነበር? መስኮቱ ክፍት ነበር? ከመኪናው መጀመሪያ የወረደው ማን ነው? እውነተኛ ምስክሮች በጥቃቅኑ ይለያያሉ፤ አንዱ መስኮቱ ክፍት ነበር ሲል ሌላው ዝግ ነበር ይላል። አምስት ሰዎች ስለ ግጭቱ በአንድ ዓይነት ቃል ተናግረው ስለ መስኮቱ አምስቱም ዝም ካሉ፣ እኔ ብዕሬን አነሣለሁ።

አሁን ወደምትጠብቁት ክትትል። ወገቤ ተሰብሮ መንቀሳቀስ አልቻልኩም ያለ ሰው ቤት ፊት ለፊት አራት ቀን ተቀምጫለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወጣ፤ የልጁን ብስክሌት ብድግ አድርጎ መኪናው ላይ ጫነ። አርባ ሰከንድ ቀረጽኩ። ተያዘ! አልኩ። ቢሮ ተመልሼ አርባውን ሰከንድ ብቻ ባስረክብ ኖሮ ጥያቄው ውድቅ ይሆን ነበር። በቀሪዎቹ ሁለት ቀናት ግን ሰውየው አልወጣም፤ አንድ ጊዜ ብቻ በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ እስከ በሩ ደረሰ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የወገብ ሕመም ደኅና ቀን አለው፤ ለዚያ ቀን ደግሞ ዕዳ ይከፈልበታል። አራቱንም ቀን ከነዝምታው አስረከብኩ። መርማሪ የሚጠቅመውን ቆርጦ የሚያቀርብ ከሆነ፣ ከአጭበርባሪው የሚለየው ደሞዝ መቀበሉ ብቻ ነው።

ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም እኔ የማልሻገራቸው መስመሮች አሉ። ማንም መንገደኛ ሊያየው የሚችለውን አያለሁ፤ አጥር ላይ አልንጠለጠልም። ስልክ አልጠልፍም። ሐኪም ወይም ፖሊስ ነኝ ብዬ አልደውልም። ጨዋ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ በጓሮ የተገኘ ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲደርስ ተመልሶ የሚነክሰው ያቀረበውን ሰው ነው።

እስካሁን የታጣውን ፈልጉ ስላችሁ ቆይቻለሁ። ይኸው ምክር እኔን ራሴን እንዴት እንዳሳሳተኝ ነግሬያችሁ ልቀመጥ።

በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ቤታቸው ተቃጥሎ ካሳ ጠየቁ። ሳሎናቸው ገባሁ፤ ጣሪያው ወርዷል፣ ግድግዳው ጠቁሯል። በቃጠሎ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ካለ፣ ጥላሸቱ ከጀርባው አይደርስምና ፍሬሙ ቢወድቅም የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይቀራል። እኔ ያየሁት ሰባት ምስማር ነው። ሰባቱም ዙሪያቸው እኩል ጠቁሯል፤ አንድም የነጣ አራት ማዕዘን የለም። ከታች አመዱን በወንፊት ነፋሁት፤ የመስታወት ስብርባሪም የፍሬም ማያያዣም አላገኘሁም። ቤታቸውን ሊያቃጥሉ ያሰቡ ሰዎች አስቀድመው የሚያሸሹት ምንድን ነው? ገንዘብ የማይመልሰውን ነገር፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ። ወዲያው ክፍያው እንዲታገድ ጻፍኩ።

የቃጠሎ ባለሙያው መነሻውን ኮርኒስ ውስጥ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አገኘው፤ ነዳጅ የመሰለ ነገር በናሙናው ውስጥ አልነበረም። እኔ ግን ሰባቱ ምስማሮች አልለቅ አሉኝ። እናትየዋን ስለ ፎቶግራፎቹ ስጠይቃቸው «ልጄ ጋ ናቸው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያንን ዝምታ በክፉ ተረጎምኩት። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ቤት ሄድኩ። ፎቶግራፎቹ በአልጋ ልብስ ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ጀርባ ተደርድረዋል፤ ስድስቱ የአንድ ሰው ናቸው፣ ሰባተኛው የሠርግ። ያመላለሳቸው የዕቃ ማጓጓዣ ደረሰኝ ከቃጠሎው አምስት ወር በፊት የተጻፈ ነበር።

«አባቴ ሲሞት እማዬ ግድግዳውን ማየት አቃታት» አለችኝ።

ዘገባዬ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስለ ጥላሸቱ፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ደረሰኙ ይናገራል፤ የመጨረሻው መስመር «ካሳው ሙሉ በሙሉ ይከፈል» ይላል። እናትየዋ ሦስቱን ሳምንት ያደሩት በሰው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ መሆኑን ግን ዘገባው አይናገርም፤ እኔ አልጻፍኩትም።

ጥያቄ ካላችሁ እሰማለሁ።