ቺፕሱን ሳንድዊቹ ውስጥ ማን ከተተው?

ሰላም ሰላም! ከአዳማ ነኝ። የዛሬው ፕሪማንቲ ስለሚባል አንድ የአሜሪካ ሳንድዊች ነው፤ ግን ከእርጥብ ልጀምር።

እርጥብን ታውቁታላችሁ። ዳቦው ይሰነጠቃል፣ ትኩስ ቺፕስ ይጠቀጠቅበታል፣ ቃሪያው ይደረብበታል፣ በወረቀት ይጠቀለላል። አንድ ማታ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ተሳቢውን ዳር አስይዞ ሲገዛ ቆሜ አይቻለሁ። ሞተሩን እንኳን አላጠፋም። ወረቀቱ ዘይት ሳይጠጣ ረዳቱ ግማሹን ጨርሷል። ሹካ የለ፣ ሳህን የለ። ድንቹም ዳቦውም በአንድ እጅ! ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምግብ አላውቅም።

አሁን ያንን ሾፌር አሜሪካ፣ ፔንስልቬኒያ ግዛት ያለችው ፒትስበርግ ከተማ ውሰዱልኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1933 ነው፤ ኢኮኖሚው የደቀቀበት ዘመን። ጆ ፕሪማንቲ ስትሪፕ ዲስትሪክት በሚባል ሰፈር በጋሪ ሳንድዊች መሸጥ ጀመረ። ሰፈሩን አትክልት ተራ በሉት። ጭነት የሚራገፍበት፣ ሾፌር የሚራብበት። ኋላ ጋሪው ወደ ምግብ ቤት ሲያድግ ወንድሞቹ ዲክና ስታንሊ ገቡበት፤ ማብሰሉን ዘመዳቸው ጆን ዴፕሪተር ያዘ።

ድንቹስ? ምግብ ቤቱ ራሱ የሚተርከው እንዲህ ነው። ብርድ በበረታበት ወቅት አንድ ሾፌር ድንች ጭኖ መጣ። በረዶ መትቶት ይሆን ብሎ ጥቂቱን ይዞ ገባ። ጆን ጠበሰው፤ ደህና ነው። ደንበኞቹ አዩና ‹‹ለእኛስ?›› አሉ። በቃ፣ ድንቹ ሳንድዊቹ ውስጥ ገባ።

ምን ምን አለው? ቶሎ ልበለው፦ የጣሊያን ዳቦ፣ ሥጋ፣ ፕሮቮሎን አይብ፣ ቺፕስ፣ ቲማቲም፣ ኮልስሎ።

ኮልስሎው ላይ ግን እንቆይ። ባለፈው ሳነሳው ብዙዎቻችሁ ‹‹ያ በማዮኔዝ የተለወሰው ጥቅል ጎመን ነዋ!›› አላችሁኝ። አይደለም! በርገር ቤት የለመድነው እሱ ነው፤ የፕሪማንቲው ግን በአቼቶ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሥጋው ቅባት፣ አይቡ ቅባት፣ ቺፕሱ ቅባት። በላዩ ማዮኔዝ? አቼቶው ነው ያንን ሁሉ የሚቆርጠው። ጥብስ ላይ ሎሚ ስትጨምቁ አፋችሁ እንደሚነቃው ማለት ነው። እርጥብ ያለ ቃሪያ ይበላል? አይበላም። ይሄም ያለ ጎመኑ አይበላም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

እንደ አውሮፓውያኑ በ2007 ምግብ ቤቶችን የሚሸልመው የአሜሪካው ጄምስ ቢርድ ፋውንዴሽን ምግብ ቤቱን ‹‹የአሜሪካ ክላሲክስ›› ብሎ ሸልሞታል። ቅርንጫፎቹም ከፔንስልቬኒያ አልፈው ኦሃዮና ዌስት ቨርጂኒያ ገብተዋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ጥቅል ጎመን በአቼቶ ለውሼ እዚሁ አዳማ እርጥብ ውስጥ እከተዋለሁ። ቃሪያውን ግን አላወጣም።