ከባሕር ውሃ ዩራኒየም በቃጫ መልቀም፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ 4.5 ቢሊዮን ቶን ገደማ ዩራኒየም፣ የኑክሌር ማመንጫ ነዳጅ፣ ሟሙቶ እንደሚገኝና ዩራኒየም በሚይዝ ቃጫ ሊለቀም እንደሚችል ተናግረን ነበር። ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን እንመልሳለን።

ከባሕር ዳር፦ «አፍዴራ ላይ ጨው እንደሚመረተው ውሃውን በፀሐይ አትንኖ ዩራኒየሙን ማስቀረት ለምን አይቻልም?»

ችግሩ መጠኑ ነው። አንድ ሊትር የውቅያኖስ ውሃ የሚይዘው ዩራኒየም 3.3 ማይክሮግራም ብቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ቢተን 35 ኪሎ ያህል ጨው ይቀራል፤ በዚያ ሁሉ ጨው ውስጥ ያለው ዩራኒየም 3.3 ሚሊግራም፣ ማለትም ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። እሱን ለመለየት ጨዉን መልሶ ማሟሟት ያስፈልጋል፤ ያኔ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ውሃውን በፓምፕ ስቦ ማጣራትም አያዋጣም። አንድ 1,000 ሜጋዋት የኑክሌር ማመንጫ በዓመት 200 ቶን ያህል የተፈጥሮ ዩራኒየም ይፈልጋል። በዚህ ስሌት፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በሙሉ ቢያዝ እንኳ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ያንኑ ውሃ 35 ሜትር ገደማ ሽቅብ መግፋት ይህን ኃይል እንዳለ ይበላዋል። ስለዚህ ቃጫው ባሕር ውስጥ ይሰቀላል፤ ውሃውን የሚያመላልሰው የባሕሩ የራሱ ጅረት ነው።

ከአዳማ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ፦ «ቃጫው ከምን ይሠራል? ዩራኒየሙንስ እንዴት ይለየዋል?»

መነሻው ተራ ፖሊኢትሊን ነው፤ ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ቀጭን ክር ሆኖ ከተፈተለ በኋላ በኤሌክትሮን ጨረር ይመታል። ጨረሩ በክሩ ላይ ንቁ ነጥቦችን ይፈጥራል። ከዚያ ኦክስጅን በሌለበት ዕቃ ውስጥ አክሪሎናይትራይል የተባለ ኬሚካልና አንድ ውሃ ወዳድ አሲድ ባሉበት ፈሳሽ ይነከራል፤ አዲስ ሰንሰለቶችም በክሩ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይበቅላሉ። ቀጥሎ በ80 ዲግሪ ገደማ ሃይድሮክሲላሚን በተባለ ሌላ ኬሚካል ሲታከም አሚዶክሲም የተባለው፣ ዩራኒየሙን የሚይዘው ክፍል ይፈጠራል። ባሕር ከመግባቱ በፊት 2.5 በመቶ በሆነ የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ፣ በዚያው 80 ዲግሪ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይዘፈዘፋል።

ሥራው የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ዕቃው ውስጥ ኦክስጅን ከገባ ንቁ ነጥቦቹን ይገድላቸዋል፤ ቅርንጫፍ አይበቅልም። ውሃ ወዳዱ አሲድ ካነሰ ውሃው ወደ ክሩ ውስጥ አይዘልቅም። ቅርንጫፉ ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ ክሩ ተሰባሪ ይሆናል፣ ማዕበል ይበጥሰዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት መጨረሻው ዝፍዘፋ ላይ ነው፤ ጊዜው ከረዘመ አሚዶክሲሙ ራሱ ይፈርስና ቃጫው ካልሲየምና ማግኒዥየም ለቃሚ ሆኖ ይቀራል። አክሪሎናይትራይል ብርቱ መርዝ፣ ሃይድሮክሲላሚን ደግሞ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ስለሆነ ይህ ሥራ በቂ መሣሪያና አየር ማስወጫ ካለው ቤተ ሙከራ ውጪ አይሞከርም።

አያያዙን በተመለከተ፣ ባሕር ውስጥ ዩራኒየሙ በሦስት ካርቦኔቶች ተከቦ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየምም ተጠግተውት ነው የሚኖረው። አሚዶክሲሙ ይህን አጥር አስለቅቆ መግባት አለበት። የሚወስደው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ከጅዳ፦ «እኛ ያለንበት ቀይ ባሕር ለዚህ ሥራ ይመቻል?»

በሁለት ነገር ይመቻል፣ በአንድ ነገር ይከብዳል። ዩራኒየም ከጨው ጋር አብሮ ይጨምራል፤ የቀይ ባሕር ጨዋማነት በሊትር ወደ 40 ግራም ስለሚጠጋ ዩራኒየሙም 3.8 ማይክሮግራም ገደማ ይደርሳል። ሙቀቱ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው፣ ቃጫው በሞቀ ውሃ አብልጦ ይይዛልና። ጃፓኖች ከ1999 እስከ 2001 በሰሜኑ በሙትሱ አካባቢ፣ ከባሕር ዳርቻ 7 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ 350 ኪሎ ለቃሚ ጨርቅ በሣጥን አድርገው 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ሰቅለው በድምሩ 1 ኪሎ ያህል ዩራኒየም አወጡ። ያኔ አንድ ኪሎ ጨርቅ በ30 ቀን የያዘው ግማሽ ግራም ገደማ ነበር። በኋላ ቃጫውን እንደ ጉንጉን ሠርተው በሞቃቱ የኦኪናዋ ባሕር ሲያቆሙት በዚያው 30 ቀን 1.5 ግራም ያዘ። ጉንጉኑ ከባሕሩ ወለል ታስሮ ሽቅብ ስለሚቆም ውሃ በየአቅጣጫው ያገኘዋል፤ ሣጥኖቹ የተሰቀሉበት ውድ ተንሳፋፊ ማዕቀፍም ይቀራል።

የሚከብደው ነገር በባሕሩ ውስጥ ያለው ሕይወት ነው። ብርሃን በሚደርስበት ሙቅ ውሃ ውስጥ አልጌና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት ቃጫውን ይሸፍኑታል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ብርሃን ያገኘው ቃጫ የሚይዘው ዩራኒየም 30 በመቶ ያህል ቀንሷል። መፍትሔው ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቀት ማውረድ ነው፤ ጥልቁ ግን ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ይሆናል። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ 21 ዲግሪ ያህል ሆኖ መቆየቱ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው።

ከአዲስ አበባ፦ «ቃጫው ከወጣ በኋላ ዩራኒየሙ ንጹሕ ነው? ቃጫው ደግሞስ ያገለግላል?»

ንጹሕ አይደለም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ቫናዲየም የተባለው ብረት ነክ ንጥረ ነገር ነው። በባሕር ውስጥ ከዩራኒየም ያነሰ ሆኖ ሳለ አሚዶክሲም ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ብዙ ጊዜም ከቃጫው ሲመዘን ከዩራኒየሙ በልጦ ይገኛል። ዩራኒየሙን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማራገፍ ይቻላል፤ ቫናዲየሙን ለማስለቀቅ ግን ጠንካራ አሲድ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ቃጫውን ያበላሻል። የሶዲየም ካርቦኔትና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ የተሻለ ነው፤ በክፍል ሙቀት አብዛኛውን ዩራኒየም አንሥቶ ቃጫውን ያተርፋል። ያልተራገፈው ቫናዲየም ግን በየዙሩ ቦታ እየያዘ ይሄዳል። ዋጋውን የሚወስነው ይህ ነው፦ ቃጫው ስንት ጊዜ ተመልሶ ባሕር ይገባል? እስካሁን የተሠሩት የወጪ ስሌቶች ከመሬት ማዕድን ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጡት በዋናነት ቃጫው ቶሎ ስለሚያረጅ ነው።

ከባቱ፦ «ይህ ቃጫ የጉድጓድ ውሃችንን ፍሎራይድ ያነሣልን ይሆን?»

አያነሣም። አሚዶክሲም ብረት ነክ ንጥረ ነገሮችን ነው የሚይዘው፤ ፍሎራይድ የተለየ ጠባይ አለው። ለፍሎራይድ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ወይም አክቲቬትድ አሉሚና የተባለው ማጣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ስለሆነ ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ውሃው ይመርመር፤ ከተከሉትም በኋላ በየጊዜው ያስመርምሩት፤ ከሰሉ ከጠገበ ፍሎራይዱን ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ በጣዕምም አይታወቅም።