የእንጦጦ ዝናብ ወዴት ይሄዳል? የአየር ንብረት ለውጥ በአዲስ አበባ ዙሪያ

[ምስል፦ የእንጦጦ ጋራ ከላይ ሲታይ፤ በአንድ ወገን ከተማው፣ በሌላው ወገን የሱሉልታ ሜዳ]

ተራኪ፦ እንጦጦ ውኃ ከፋይ ጋራ ነው። በደቡብ ተዳፋቱ ላይ ያረፈ ዝናብ በቀበናና በሌሎች ወንዞች በኩል ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከአባ ሳሙኤልም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከጋራው ጫፍ ትንሽ ወዲያ፣ በሰሜኑ በኩል ያረፈው ዝናብ ግን የሱሉልታን ሜዳ አረስርሶ በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል።

ዛሬ ይህን ውኃ ተከትለን እንወርዳለን። ምክንያቱም በአዲስ አበባ ዙሪያ የአየር ንብረት ለውጥን በቅርብ የሚያየው ሰው የሚያየው በዝናቡ ላይ ነው። ዝናቡ ቀረ ማለታችን አይደለም። በአካባቢው በዓመት በአማካይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ይህም መጠን ወጥ በሆነ መንገድ ሲቀንስ ወይም ሲጨምር አይታይም። ገበሬውን ያስቸገረው አመጣጡ ነው። ዘግይቶ ይገባል፣ መሀል ላይ ያቋርጣል፣ ሲመጣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠራቅሞ ይወርዳል፣ ሰብል በሚሰበሰብበት ወር ደግሞ ይመለሳል። ያ ዝናብ ሲሳይ ወይም ጥፋት የሚሆነው ግን በሚያርፍበት መሬት ነው። የዚህ ቪዲዮ ጉዳይም እሱ ነው።

[ሥዕላዊ መግለጫ፦ ከመሬት የሚነሳ ተን፣ ደመና፣ ዝናብ]

ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከየሚሊዮኑ ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ዋናው ምንጩ የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ማቃጠል ነው። ከዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ በበሬ የሚያርሰው የአቃቂ ገበሬ ድርሻማ ከቁጥር አይገባም። ይህን ሳይቆጩ መናገር አይቻልም። ሙቀቱ ግን እዚህም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል።

አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን መያዝ ይችላል። ሰፋ ያለ እንስራ እንደ ማለት ነው፦ ለመሙላት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሲገለበጥ ግን የሚያፈሰው ብዙ ነው። በሚሞላበት ጊዜ ውኃውን የሚወስደው ከማሳውና ከቅጠሉ ስለሆነ ቡቃያው ይጠወልጋል። ሲገለበጥ ጎርፍ ይሆናል። በአንድ ክረምት ውስጥ የዝናብ እጥረትና ጎርፍ ተከታትለው ሲመጡ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው።

መጥፎ ክረምትን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ኤልኒኖ ከጥንት የነበረ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ይደክማል። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በዚሁ ምክንያት ከሽፎ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል። የዛሬው ኤልኒኖ ከቀድሞው የሚለየው አስቀድሞ በሞቀ ምድር ላይ የሚመጣ መሆኑ ነው።

[ምስል፦ ካሜራው በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ወደ መሬቱ ዝቅ ይላል]

አሁን እንጦጦ ላይ ነን። ዛፎቹን ትተን መሬቱን እንመልከት። ቅጠሉ ተጠርጓል። የቀረው የደረቀ ቀይ አፈር ነው፤ በላዩም ቁልቁል የሚወርዱ ጣት የማይሞሉ ቀጫጭን ቦዮች ይታያሉ። ያለፈው ዝናብ መንገድ ናቸው። የሚቀጥለው ዝናብ እነዚያኑ ቦዮች ያሰፋቸዋል፤ ውኃው ሳይሰርግ፣ አፈሩን ይዞ ወደ ከተማው ይወርዳል።

ቅጠሉን የጠረጉት ማገዶ ሻጭ እናቶች ናቸው። ገና ሳይነጋ ወጥተው፣ ቅጠሉንና ጭራሮውን አስረው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ይወርዳሉ። በከተማው የብዙ ቤት ምጣድ የሚሰማው በዚያ ቅጠል ነው። እነሱን መውቀስ ግፍ ነው። ባሕር ዛፉንም ቢሆን ማንቋሸሽ አይገባም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ፣ በአፄ ምኒልክ ጊዜ ሲገባ መናገሻዋን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው። ነገር ግን ጋራው ላይ ቅጠል እንዲተርፍ ከተፈለገ መንገዱ የሚጀምረው ከማዕድ ቤት ነው፦ ከማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ ከማይቋረጥ መብራትና አቅም ከሚፈቅደው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ለእነዚያ እናቶችም ከሌላ የእለት ገቢ። ጥበቃ ማቆም ብቻውን የተራበ ሰው አይመልስም።

ልዩነቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ ለአገር በቀል ዛፎች ቦታ እየለቀቀ ነው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ባሉበት፣ ሥራቸውም ሣርና ቁጥቋጦ በለበሰበት ቦታ መሬቱ ሲረገጥ ይሰምጣል። እዚያ ያረፈ ዝናብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከወራት በኋላ፣ በበጋ፣ ከግርጌው በምንጭ ይወጣል። ዝናቡ ያው ነው፤ የተለየው መሬቱ ነው።

[ሥዕላዊ መግለጫ፦ የተራራ ቁመት ከጎኑ የሙቀት መለኪያ ጋር]

ሙቀቱ በሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ተራራ ስንወጣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በ1.3 ዲግሪ የሞቀ አገር ውስጥ የቀድሞውን ቅዝቃዜ የሚፈልግ ተክል ወይም እንስሳ 200 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት አለበት። እንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ በምዕራብ ያለው፣ የመናገሻ ሱባ ደን የለበሰው ወጨጫም ከ3,400 ሜትር አይደርስም። በወጨጫ አናት ላይ ያለው አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ 200 ሜትር ውጣ ቢባል የሚሄድበት ተራራ የለውም። ከታች ደግሞ የቆላና የወይና ደጋ ነፍሳት ይከተሉታል።

[ምስል፦ ሱሉልታ፣ ታጭዶ የተበተነ ሣር]

ወደ ሰሜኑ ተዳፋት እንለፍ። የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ያ ውኃ ሣሩን ያሳድጋል፤ ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፣ በመኪና ተጭኖም የአዲስ አበባን የወተት ላሞች ይመግባል። የዚህ ሥራ መሠረት ከአጨዳው በኋላ የሚኖሩት የፀሐይ ቀናት ናቸው። ታጭዶ በተበተነ ሣር ላይ ዝናብ ሲያርፍ ከላይ ያለው ይጠቁራል፣ ከሥር ያለው ይሞቃል፣ ይሻግታል። ድርቆሹ ሲነሳ የትኩስ ሣር ሽታ ሳይሆን የእርጥብ ቤት ሽታ ይሸታል። ላም ብታሸተውም ትተወዋለች። ያን ጊዜ ወተት አምራቹ ወደ ፉርሽካና ወደ ፋጉሎ ይዞራል፤ ዋጋቸውም ያንኑ ሰሞን ይወጣል። በኅዳር «ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ» የሚል ማስጠንቀቂያ በሬዲዮ ስትሰሙ የሚመለከተው ገበሬውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት ለልጅ የሚቀዳው ወተት አብሮ ተነስቷል።

በዚሁ ሜዳና በገፈርሳ ግድብ ዳር የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሆነ አንድ ዝይ ይኖራል፤ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለው፣ በረግረጉ ዳር አጭር ሣር ይግጣል። ረግረጉ በበጋ ቀድሞ ከደረቀ፣ ወይም በአፈር ተሞልቶ ቤት ከተሠራበት፣ ይህ ዝይ ከአገራችን ውጭ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም።

[ምስል፦ የአቃቂ ጥቁር አፈር፣ በበጋ የተሰነጠቀ]

ወደ ደቡብ ወርደን አቃቂ ደርሰናል። እዚህ ያለው አፈር ዋልካ ነው። ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ያብጥና ውኃውን ከላዩ ያስተኛዋል። ገበሬው የዚህን አፈር ጠባይ አሳምሮ ያውቃል። ጤፉን በክረምቱ መሀል ይዘራል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ይህ እውቀት በዝናቡ የመውጫ ጊዜ ላይ የቆመ ነው። ዝናቡ በነሐሴ መጨረሻ ድንገት ሲያቆም ሽምብራው በእርጥበት እጥረት ይቀጭጫል፤ እስከ ጥቅምት ሲዘልቅ ሥሩ ይበሰብሳል። በጤፉ ላይ የሚመጣው የባሰ ነው። የደረሰ ጤፍ በከባድ ዝናብ ይጋሽባል፤ ታጭዶ ነዶ ላይ እንዳለ ሲዘንብበት ፍሬው ይበቅላል ወይም ይጠቁራል። የዓመት ልፋት የወጣበት ማኛ ጤፍ በሁለት ቀን ዝናብ በሰርገኛ ዋጋ እንኳ ገዢ ሊያጣ ይችላል።

መፍትሔ ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። ቢቢኤም በሚባለው መሣሪያ ሰፋ ያለ መደብና ቦይ የሚያወጣ ገበሬ ትርፉን ውኃ ከማሳው ያስወጣል፤ ቀድሞም መዝራት ይችላል። ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎችም አሉ። የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ዘሩም መሣሪያውም በጊዜው አለመድረሱ ነው።

ከማሳው ቀጥሎ ያለው ወንዙ ነው። በአቃቂ ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ከተማውን ይመግባሉ። በክረምት ጎርፍ መደቡን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ላይ ያለው ጋራ ተራቁቷል፣ መሀል ያለው ከተማ በአስፋልትና በአርማታ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ ቀድሞ በሰዓታት ይደርስ የነበረ ውኃ ዛሬ ፈጥኖ ይደርሳል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የወንዙ ውኃ ሲያንስ ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከሌሎች ፋብሪካዎችና ከመኖሪያ ቤት የሚለቀቀው ፍሳሽ አያንስም፤ ብክለቱ ይወፍራል። ያው ውኃ ቆስጣው ላይ ይፈሳል። የዝናቡ መለዋወጥ በየሰው ማዕድ ላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድም ነው።

[ካርታ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ]

ሌላም ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አለ፤ ወባ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን በትንኟ ሆድ ውስጥ አያድግም። ደገኛውን ሲጠብቀው የኖረው ብርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከደብረ ዘይት (ከቢሾፍቱ) አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡ የሕሙማን መረጃዎችን መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ከፍ ወዳሉ ቀበሌዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ወባን ሳያውቅ ያደገ ደገኛ የመከላከል አቅም ስለሌለው ሲታመም ይጠናበታል። ስለዚህ በደቡብ ዳርቻ የምትኖሩ፣ «እዚህ ወባ የለም» ብላችሁ ትኩሳትን በቤት አታሳድሩ፤ ተመርመሩ።

[ምስል፦ አባ ሳሙኤል፤ ውኃው ላይ የተንጣለለ እምቦጭ]

ከእንጦጦ የተጠረገው አፈር የት ገባ? አብዛኛው እዚህ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድቦች አንዱ ነው፤ ደለል ሞላው፣ እምቦጭ አለበሰው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ዛሬም ያርፉበታል። ከዚያ የሚያልፈው ውኃና ደለል በአዋሽ ላይ ወዳለው የቆቃ ግድብ ይሄዳል። ቆቃ በደለል በተሞላ ቁጥር ለጎርፍ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው ሲያፈናቅል ያ ውኃ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ነበር፤ የእኛ ጋራና የእኛ አስፋልት ድርሻም አለበት። ይህ ከባድ አነጋገር ነው፣ ግን እውነት ነው።

[ምስል፦ በተዳፋት ላይ የተቆፈሩ የውኃ ማስረጊያ ጉድጓዶች]

የዓለምን ጭስ ከሱሉልታ ሆኖ ማስቆም አይቻልም። ዝናቡ የሚያርፍበትን መሬት ማስተካከል ግን በእጃችን ነው። በተዳፋት ላይ እርከንና የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ በወንዝ ዳር ቤት የማይሠራበት ሰፊ ቦታ፣ በአዲስ መንደሮች ዝናብ የሚጠራቀምበት ገንዳ፤ ሁሉም የታወቁ ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳተፍበት የችግኝ ተከላው ነው። አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየሐምሌው ስንት እንደተተከለ ይነገረናል። እንጦጦን የሚያድነው ግን የጸደቀው ነው። ስለዚህ ከየመሥሪያ ቤቱ፣ ከየትምህርት ቤቱና ከየዕድሩ የምንጠይቀው ሁለተኛ ቆጠራ አለ፦ በመጋቢት፣ መሬቱ በደረቀበትና ከብት በተለቀቀበት ወር፣ በሐምሌ ወደ ተከሉበት ተዳፋት ተመልሰው በሕይወት ያለውን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በዚያው በተከላው ቀን በተነገረበት ሬዲዮ ያሰሙን።