ስንት ጊዜ ተጠቀሰ? ማንን ጠቀመ?

የተከበራችሁ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ አባላት፣ ውድ የሕፃናት ጤና ተመራማሪዎች፤

አንድ ሐኪም ለዕድገት ሲያመለክት ፋይሉ ውስጥ አንድ ገጽ አይቀርም። ያሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት፣ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበት ብዛትና ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው ቁጥር ሰፍረውበታል። ኮሚቴ ሥራ ይበዛበታልና ብዙ ጊዜ ጽሑፎቹ ሳይገለጡ ይህ ገጽ ብቻ ይነበባል። ገጹ ይቅር አልልም። ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚደብቀን ግን ማወቅ አለብን።

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሊቅ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ)። እያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ 5 ይሆናል። እስቲ ሁለት ሐኪሞችን እናወዳድር። የአንዷ አምስት ጽሑፎች 900፣ 40፣ 6፣ 4 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። የሌላው ደግሞ 10፣ 9፣ 8፣ 8 እና 7 ጊዜ። እርሷ 4 ታገኛለች፣ እርሱ 5። ዘጠኝ መቶ ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ የአራስ ሕፃናትን ሕክምና የለወጠ ቢሆን እንኳ፣ ለስሌቱ አራት ጊዜ ከተጠቀሰው አይበልጥም። ይህን ቁጥር ይዘን የሕፃናት ሐኪምን ከካንሰር ተመራማሪ ጋር ስናስተያይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በአንድ መስክ ጸሐፊው በበዛ ቁጥር ጠቃሹም ይበዛልና።

ከዚህ የሚከፋው መጠቀስን ከመመስገን እኩል ማየታችን ነው። በ1998 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድሩ ዌክፊልድንና የባልደረቦቹን ጽሑፍ አወጣ። በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተው ይህ ጽሑፍ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል የሚል ጥርጣሬ በወላጆች ዘንድ ነዛ። መጽሔቱ በ2010 ሰረዘው። ጽሑፉ ግን ከሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ አብዛኞቹ የጠቀሱትም ሊነቅፉት ነው። ቆጣሪው ኮምፒውተር ነቀፌታን ከምስጋና አይለይም። በዚያ ጥርጣሬ ሳይከተቡ ቀርተው ኩፍኝ የያዛቸው ሕፃናትም በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገቡም።

አሁን ደግሞ ሕንዳዊውን የሕፃናት ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስን ተመልከቱ። በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በድንበሯ ከተማ ቦንጋኦን በኮሌራ ይረግፉ ነበር። ሕሙማኑ ወለል ላይ ተኝተዋል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ነው። ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ሶዲየም ባይካርቦኔት በውኃ አስበጠበጠ፤ ድብልቁ ቧንቧ በተገጠመላቸው በርሜሎች ተሞላ፤ ዘመዶችም እየቀዱ ሕሙማናቸውን አጠጡ። ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። በጊዜው ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ፈሳሹን በአፍ መስጠት ቀደም ሲል በዳካ ቢሞከርም፣ ብዙ ሐኪሞች ከሆስፒታል ውጭ በሰለጠነ ባለሙያ እጅ ካልሆነ አያምኑትም ነበር። ውጤቱ በ1973 ታተመ። ዛሬ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ ለልጇ የምታጠጣ እናት የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር አታዘጋጅም። የዚያ ምርምር ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ግን እዚያ፣ እጇ ላይ ነው።

ጊዜም ሌላ ጣጣ አለው። ኒውዚላንዳውያኑ ግራሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ ያለጊዜዋ ምጥ ለያዛት እናት ስቴሮይድ ቢሰጥ የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንደሚጎለብት በ1972 አሳተሙ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሕክምናው በሰፊው እንዲሰጥ ያሳሰቡት በ1994 ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ! እኛ በየማመልከቻው የምንጠይቀው ኢምፓክት ፋክተር የሚያየው ግን መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ ነው። ያውም የመጽሔቱ ቁጥር እንጂ የጽሑፉ አይደለም። ስለ ምርምር ምዘና የተዘጋጀው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በ2013 ሲወጣ ተመራማሪን በዚህ ቁጥር አትመዝኑ ብሏል። ብዙዎች ፈርመው ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ተመልሰዋል፤ መፈረም ወጪ የለውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። አመልካቹ ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጣሉ የሚላቸውን ሦስት ጽሑፎች ያቅርብ፤ ከኮሚቴው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ያንብቧቸው። ማን እንደተጠቀመባቸው በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ የሕክምና መመሪያ ውስጥ ገብተዋል? የመድኃኒት መጠን አስለውጠዋል? ጉዳት የሚያደርስ አሠራር አስቀርተዋል? ጽሑፉ የመቶ ሰዎች ሥራ ከሆነም አመልካቹ ከጥያቄው፣ ከመረጃ አሰባሰቡና ከትንተናው የትኛውን እንደሠራ በግልጽ ያስቀምጥ። በሚቀጥለው የዕድገት ዙር እንድንሞክረው ሐሳቡን ለውይይት አቀርባለሁ፤ የምትቃወሙ ካላችሁ ዛሬ ብሰማችሁ ይሻለኛል።

አመሰግናለሁ።