ድንኳኑን ያለ አስከሬን ትጥሉልኛላችሁ?

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀመንበራችን የጋበዙኝ ስለ ደም ግፊት እንድናገር ነበር። እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ስሞት አስከሬኔ ለሕክምና ተማሪዎች መማሪያ እንዲሰጥ ወስኛለሁ። ከቤተሰቤ ቀጥሎ ይህን መስማት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ቀባሪዎቼ ናችሁና።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ተማሪ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አስከሬን ክፍል የገባሁባት ቀን ዛሬም ትመጣብኛለች። አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ፎርማሊን ዓይን ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት እናት ተኝተዋል። መምህራችን ሸራውን ገለጥ ሲያደርጉት አንገታቸው ላይ ንቅሳት አየሁ። ሦስት መስመር፣ ከሥሩ ነጠብጣብ። እናቴ አንገት ላይ ያለው ዓይነት ነው። መዳፋቸው ሻካራ ነበር፤ ሲሠራ የኖረ እጅ። ስማቸውን ጠየቅኩ። የሚያውቅ አልነበረም።

ለካ ጠያቂ ዘመድ ያልተገኘላቸው ሰው ናቸው። በአገራችንም፣ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም፣ ተማሪ የሚማርበት አስከሬን በአብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ነው። እኚያ እናት ፈቅደው አልመጡም። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ግን ነርቭን ከጅማት መለየት የተማርኩት በእሳቸው እጅ ላይ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት የአንዳንዶቻችሁን ቁስል ስሰፋ የእሳቸው ውለታ አለበት። ዕዳ አለብኝ። ዕዳውን ደግሞ ሌላ ወገን የለሽ ሰው ከሚከፍልልኝ እኔው በፈቃዴ ልክፈለው።

«በፕላስቲክ፣ በቪዲዮ አይማሩም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይረዳል። ግን ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው አይደለም። መጽሐፉ ላይ ለእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ደም ቅዳ ተስሎ ታገኛላችሁ። እውነተኛው ሰው ዘንድ ስትሄዱ ከአራቱ አንዱ ገደማ ትርፍ ደም ቅዳ አለው። ይህን በእጁ ዳስሶ ያልተማረ ሐኪም ሳያስበው ሊቆርጣት ይችላል።

ታይላንድ ውስጥ ሰውነቱን በፈቃዱ የሰጠን ሰው ተማሪዎቹ «ታላቁ መምህር» ይሉታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ከቤተሰቡ ጋር ሆነው በክብር ይሸኙታል። ይህን ስሰማ የእኚያ እናት ንቅሳት ትዝ አለኝ።

ትንሣኤስ? ባለቤቴ እያለቀሰች የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን ቤተ ክርስቲያናችን ሰማዕቱን አግናጥዮስን «ምጥው ለአንበሳ» ብላ ታከብረዋለች፤ ለአንበሳ የተሰጠ ማለት ነው። ሥጋውን አንበሳ ስለበላው ትንሣኤው ይቀርበታል ያለ አባት ሰምቼ አላውቅም። ሙስሊም ጎረቤቶቼ የራሳችሁን አባቶች ጠይቁ፤ እኔ በማላውቀው አልገባም።

ሙሉ ሰውነት መስጠት የከበደው የዓይን ብሌኑን ብቻ መስጠት ይችላል። ለዚህ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዓይን ባንክ አለን። ብሌኑ ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይወሰዳል፤ ፊት አይበላሽም፣ ቀብር አይስተጓጎልም። ከአንድ ሰው ለሁለት ሰው ብርሃን ይተርፋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እኔ ብፈርምም፣ በዚያች ሰዓት ቤተሰቤ «አይሆንም» ካለ አበቃ። ጊዜም አይሰጥም። አስከሬኑ ሳይበላሽ ደርሶ ፎርማሊኑ በደም ሥሩ መግባት አለበት። ባለቤቴ ደግሞ የምትፈራው የሰው አፍ ነው፤ «ባሏን ሳትቀብር ቀረች» መባልን። ስለዚህ እባካችሁ፣ ያን ቀን እንደ ማንኛውም አባል ድንኳኑን ጣሉላት። ንፍሮውን ቀቅሉ። እስከ ሠልስቴ አትለዩአት። ተማሪዎቹ ከእኔ ጋር ሲጨርሱ፣ ዓመትም ይፍጅ ሁለት ዓመት፣ ጡሩምባውን አስነፉና ኑ። ያኔ ትቀብሩኛላችሁ።