የልጅነታችን የኬብል ፕሮግራሞች የት ገቡ?

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወደፊት ቅረቡ፤ ቦታ አለ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጆች ቴሌቪዥን ነው። በተለይ ኬብል፣ ማለትም በሽቦ የሚመጣው ቴሌቪዥን፣ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ መግባት ሲጀምር ለልጆች ስለተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች። አሁን "ሁሉም ነገር ስትሪሚንግ ላይ አለ" ይባላል፤ በኢንተርኔት በፈለግነው ሰዓት የምናየው ማለት ነው። ታዲያ እነዚያ ፕሮግራሞች ለምን የውሃ ሽታ ሆኑ? ይህ ጥያቄ ያንገበግበኛል። መልሱ ደግሞ እዚህ አዳራሽ ድረስ ስለሚመጣ ነው የጠራኋችሁ።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዲሴምበር 1 ቀን 1977 ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋርነር ኬብል "ኪዩብ" የሚባል አገልግሎት ጀመረ። ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ ቁልፍ እየተጫነ ለቴሌቪዥኑ መልስ ይሰጥ ነበር። ከቻናሎቹ አንዱ ለልጆች ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ካርቱን የሚያሳዩት በዋናነት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀኑን ሙሉ ለልጅ የተተወ ቻናል አዲስ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ "ፒንዊል" ይባላል። የፈጠሩት ቪቪያን ሆርነር የሚባሉ ሴት ናቸው። ኤፕሪል 1 ቀን 1979፣ ቻናሉ "ኒኬሎዲየን" ተብሎ በመላ አገሪቱ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ እንኳን አልነበረውም።

ፒንዊልን ላላየው ላስረዳ። አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት አለ። ሰዎችና አሻንጉሊቶች አብረው ይኖሩበታል። በመሀል በመሀል አጫጭር ፊልሞች ይገባሉ። የሚያስደንቀው እነሱ ናቸው። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከቼኮዝሎቫኪያ የመጡ ናቸው። ከቼኮች የመጣ አንድ ትንሽ ፍልፈል ነበር፤ ይስቃል፣ ይገረማል፣ ወሬ ግን አያወራም ማለት ይቻላል። እስቲ አስቡት። የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ በኋላ ከሱዳን ካምፖች ወደዚህ አገር ብዙ ወገኖቻችን መጥተዋል። እንግሊዝኛ ገና ያልያዘ ልጅ ኬብል ያለው ቤት ከገባ፣ ፍልፈሉን እያየ ከማንም እኩል መሳቅ ይችላል። ቋንቋ አያስፈልገውም። ለልጅ ከዚህ የበለጠ መልካም አቀባበል እኔ አላውቅም።

ዛሬ ፒንዊልን በትልልቆቹ የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። ምክንያቱ ደግሞ እነዚያው ያማሩት አጫጭር ፊልሞች ይመስሉኛል። ኒኬሎዲየን የፊልሞቹ ባለቤት አልነበረም። በኬብል ለማሳየት ብቻ ተዋውሎ ይሆናል። ውሉ ሲጻፍ ስትሪሚንግ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ውሉ ስለ እሱ አያወራ ይሆናል። እንደገና ለማሳየት የእያንዳንዱን ፊልም ባለቤት ፈልጎ መፈራረም ያስፈልጋል። ወራሾቹ አሥር ሆነው፣ አምስቱ ያሉበት የማይታወቅ ቤት ለመሸጥ የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቼኮዝሎቫኪያ ራሷ እንኳ ዛሬ የለችም። የሙዚቃው መብት ለብቻው፣ የተዋናዮቹ ክፍያ ለብቻው ነው። ኩባንያው ሒሳቡን ሠርቶ የተወው ይመስለኛል።

አሁን ሌላኛውን ወገን እዩ። በ1991 ኒኬሎዲየን የራሱን ካርቱኖች ማሳየት ጀመረ። "ራግራትስ" ከነሱ አንዱ ነው። ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ ዛሬ ፓራማውንት ፕላስ የሚባለው ስትሪሚንግ ላይ ተቀምጧል። "ፍራግል ሮክ" የሚባለውን የአሻንጉሊት ፕሮግራምም ውሰዱ። ኤችቢኦ በሚባለው የኬብል ጣቢያ ላይ በጃንዋሪ 1983 ጀመረ። የጂም ሄንሰን ሥራ ነው፤ 96 ክፍል አለው። መብቱ የሄንሰን ድርጅት እጅ ላይ ስለቀረ አፕል በ2020 ለስትሪሚንግ አገልግሎቱ ሲወስደው 96ቱንም ወሰደ። ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል።

ግን እዚያው ፍራግል ሮክ ላይ አንድ ነገር አለ። ሄንሰን ለየአገሩ የመግቢያና የመውጫ ትዕይንቱን እየቀየረ ነበር የሚያሠራው። በአሜሪካው ትዕይንት ያለው ሽማግሌ ፈጠራ የሚሞካክር ሰው ነው፤ በእንግሊዙ ያለው ደግሞ የባሕር ዳር መብራት ማማ ጠባቂ። የእንግሊዙን ያሠራው ቲቪኤስ የሚባል ጣቢያ ነበር። በ1992 መጨረሻ ላይ ፈቃዱን አጣ። ኩባንያው ተሸጠ፣ ገዢውም ተሸጠ፣ በ2001 ዲዝኒ እጅ ገባ። በዚህ ሁሉ መሀል የብዙ ክፍሎች ካሴት ጠፋ። ከጠፉት ውስጥ ተፈልገው የተገኙ አሉ። ከመገኛዎቹ አንዱ ታዲያ አድናቂዎች በየቤታቸው የቀዱት ቪኤችኤስ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባለቤትነት ብቻውን ግን አያድንም። ዲዝኒ ቻናል ኤፕሪል 18 ቀን 1983 ሲከፈት "ዌልካም ቱ ፑህ ኮርነር" የሚባል ፕሮግራም ነበረው። ሰው የሚያህሉ አሻንጉሊቶች የሚጫወቱበት። በ1985 ደግሞ "ዳምቦስ ሰርከስ" መጣ። ሁለቱም የዲዝኒ ሥራ ናቸው። የዲዝኒ ስትሪሚንግ፣ ዲዝኒ ፕላስ፣ በ2019 ሲከፈት ግን አልነበሩበትም። እንደዚያ ዓይነት ፕሮግራም የዛሬ ልጅ አያየውም ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጅ የሚያየው ያቀረቡለትን ነው።

የገባውም ቢሆን ሊወጣ ይችላል። በኦገስት 2022 ኤችቢኦ ማክስ የሚባለው ስትሪሚንግ "ሰሰሚ ስትሪት" ከሚባለው የልጆች ፕሮግራም ወደ 200 የሚጠጉ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ አነሳ። ወላጆች ማታ አይተውት ያደሩት ነገር ጠዋት የለም። በወር የምንከፍለው ገንዘብ የዚያን ወር መግቢያ ነው እንጂ ፕሮግራሙን አይገዛልንም። ስለዚህ ልጃችሁ የሚወደው ነገር በዲስክ ከተገኘ ግዙት። ዲስኩን ማንም መጥቶ ከመደርደሪያችሁ አያነሳውም።

"ቤተ መጻሕፍት አያስቀምጡትም እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ናሽቪል ያለው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከኦገስት 1968 ጀምሮ የማታ ዜናዎችን እየቀዳ ያስቀምጣል። ሲቢኤስ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከሶት ነበር። ከዚያ የ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ ለዜና የተለየ በር ከፈተ፤ ቤተ መጻሕፍት ዜና ቀድቶ ማዋስ ይችላል አለ። ለዜና ብቻ። የልጆች ፕሮግራም እዚያ በር ውስጥ የለም። በዚህ በጣም አዝናለሁ። የ1980ዎቹን የአሜሪካ ልጅነት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ዜናውን ያገኛል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ያየውን በቀላሉ አያገኝም።

ያዳነን ቤት ውስጥ ያለው ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት መቅጃውና ማጫወቻው ነው። እሱም በፍርድ ቤት በኩል አልፎ ነው። የፊልም ኩባንያዎቹ ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ፣ ቤታማክስ የሚባለውን የቪዲዮ መቅጃ የሠራውን ሶኒን ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 በ5 ለ 4 ድምፅ ሶኒ አሸነፈ። ሰው ቤቱ ውስጥ ፕሮግራም ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቢያይ ጥፋት የለበትም ተባለ። ከመሰከሩት አንዱ ፍሬድ ሮጀርስ ናቸው፤ ልጆች በጣም የሚወዷቸው የቴሌቪዥን ሰው። ቤተሰቦች ፕሮግራማቸውን ቀድተው አብረው ቢያዩ እንደማይቃወሙ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱም ቃላቸውን በውሳኔው ጠቀሰ። አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ቢሄድ ኖሮ ዛሬ በየምድር ቤቱ ያሉት ካሴቶች ምናልባት ባልኖሩ ነበር።

ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ሁላችንም ቤት ያ ካርቶን አለ። ላዩ ላይ በአማርኛ "ሰርግ"፣ "ክርስትና"፣ "ገና" የተጻፈባቸው ካሴቶች። ሁለት ሰዓት የሚይዘው ካሴት በዝግታ ሲቀዳ ስድስት ሰዓት ይይዛል። ሰርጉ ሲያልቅ ቀሪው ባዶ ነው፤ እዚያ ላይ ልጆቹ የፈለጉትን ይቀዱ ነበር። ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው ሲጨርሱ ትንሽ በረዶ ነገር ይታያል፣ ከዚያ ካርቱን ይመጣል፤ ከነማስታወቂያው። ምናልባት ሌላ ቦታ የማይገኝ ክፍል እዚያ ይኖራል። ስለዚህ ካሴቱን ከሰርጉ በኋላ አታቁሙት፤ እስከ መጨረሻው ይሂድ።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የካሴቱ ማግኔት በየዓመቱ ይደክማል፤ እርጥበት ያለበት ምድር ቤት ደግሞ ያፋጥነዋል። ዴክም ከዚህ ወዲያ አይመረትም። የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በጁላይ 2016 አቁሟል። ሳይቃጠል በቅጠል እንበል እንጂ።

የሚደረገው ይህ ነው። ካርቶኑን ከምድር ቤት አውጡ። የካሴቱን መስኮት በደንብ እዩት፤ ነጭ ዱቄት ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ዴክ ውስጥ አታስገቡት፣ ከሌሎቹም ለዩት። በጎኑ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሩ፤ ያን ጊዜ በስህተት ላዩ ላይ አይቀዳም። መሀል ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት "ሜመሪ ላብ" የሚባል ክፍል አለው። ቀጠሮ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቪኤችኤሱን ወደ ዲጂታል የሚቀይሩት መሣሪያዎች እዚያ አሉ፣ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ፋይሉን የምታስቀምጡበት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ካሴቱንም ከቀየራችሁት በኋላ አትጣሉት።

ወጣቶች፣ ለእናንተ ሥራ አለኝ። እናቶቻችን ቀጠሮውን በስልክ መያዝ ይከብዳቸው ይሆናል፤ ያዙላቸው። አብራችሁ ሂዱ። ካሴቱ ሲታይ ከጎናቸው ተቀመጡና "ይሄ ማነው? የት ነው? መቼ ነው?" እያላችሁ ጻፉ። ካርቱን ላይ ስትደርሱ ደግሞ የፕሮግራሙን ስም፣ የቻናሉን ምልክት፣ ማስታወቂያዎቹን መዝግቡ። ዛሬ ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አብረን እናያቸዋለን።

አመሰግናለሁ።